«ጠበቅ ያድርጉልኝ» ያለው አናጺ፦ የአንድ ራኬት ጉዳይ ከጅማ

መነሻ

ሥራዬ ራዲዮና ቴሌቪዥን መጠገን ነው። የቴኒስ ራኬት መወጠር ደግሞ ማታ ማታ የያዘኝ አባዜ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ውጭ አገር የሚኖር ዘመዴ ትንሽ የመወጠሪያ ማሽን በሻንጣ አመጣልኝ። መብራት አይፈልግም። ክብደት የተሰካበት ክንድ አለው፤ ክንዱ ወደ ታች ሲወርድ ገመዱን ይስባል። መብራት በጠፋ ቁጥር ሥራው ለሚቆምበት እንደኔ ላለ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ከዚያ በፊት እኔ የማውቃቸው የጅማ ተጫዋቾች ገመድ ሲበጠስባቸው ራኬቱን 350 ኪሎ ሜትር አሳፍረው አዲስ አበባ ይልኩ ነበር። አለዚያም ገመዱን ዱላ ላይ ጠምጥመው በጉልበት ይስቡታል።

ይህን ጉዳይ እንድጽፍ ያነሳሳኝ ውጤቱ አይደለም። መጀመሪያ ላይ ያበላሸሁበት መንገድ ነው። ባለጉዳዩ እንድጽፈው ፈቅዶልኛል፤ ስሙን ግን አልጠቅስም።

ሰውየውና ራኬቱ

ዕድሜው በ30ዎቹ አጋማሽ ነው። አናጺ ነው። ከአንድ ግንድ የሚፈለፈለውን ባለ ሦስት እግር የጅማ በርጩማ ይሠራል። በልጅነቱ ኳስ አቀባይ ነበር። ቴኒስን የተማረው ሌሎች ሲጫወቱ ቆሞ በማየት ነው፤ ሜዳው ሲለቀቅ በተውሶ ራኬት ይመታል። አሁን በሳምንት አራት ቀን ከንጋቱ 12 ሰዓት ጀምሮ ይጫወታል። አንዳንዴ ለእንግዶች እየተከፈለው ያጫውታል። አመታቱ ዝርግ ነው፤ ኳሷን ብዙ አያሽከረክራትም። ይህን ያዙልኝ፣ ኋላ ይመጣል።

ራኬቱን የሰጠው አንድ እንግዳ ነው። ከካርቦን ፋይበር የተሠራ፣ ጠንካራ፣ ፊቱ 100 ስኩዌር ኢንች የሆነ ነው። አናቱ ላይ የቀድሞው ባለቤት ለክብደት የለጠፈው ስስ የእርሳስ (የከባዱ ብረት) ጥብጣብ ነበረበት። በኋላ ስመዝነው 6 ግራም ሆነ። ገመዱ 1.30 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ጥቁር ፖሊስተር ነው። መቼ እንደተወጠረ የሚያውቅ የለም።

ስለ ቃላት አንድ ነገር ልበል። ከላይ ወደ ታች የሚሄደውን ገመድ ድር፣ አግድም የሚገባውን ማግ እላለሁ። የሸማኔ ቃል ነው፤ ሥራውም ያው የሸማኔ ሥራ ነው። መጀመሪያ ድሩ ይወጠራል። ከዚያ ማጉ አንዱን ከላይ፣ አንዱን ከታች እያለ ይገባል። ይህ ራኬት 16 ድርና 19 ማግ አለው።

ችግሩ

ኅዳር ላይ ሱቄ መጣና ራኬቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠው። «ጋሼ፣ እባክዎ ጠበቅ ያድርጉልኝ። ኳሷ አትታዘዘኝም» አለኝ። ሲያወራ ቀኝ ክርኑን በግራ እጁ ያሻል።

«ክርንህን ምን ሆነህ ነው?» አልኩት።

«ምንም አይደል፣ ስፖርት ነው።»

ምንም አይደል የሚባል አልነበረም። ሕመሙ በክርኑ በውጭ በኩል ነው። ጆግ ሲያነሳ ይወጋዋል። በር ቁልፍ ሲያዞርም እንደዚያው። ከጨዋታ በኋላ ባለው ጠዋት እጁ ጨርሶ አይዘረጋለትም። ከጀመረው አምስት ወር ሆኖታል።

ገመዱን በጣቴ ወደ ጎን ገፋሁት። ባለበት ቀረ። ደህና ገመድ ሲገፉት ተንሸራቶ ወደ ቦታው ይመለሳል፤ ይህኛው ሞቷል። ማጉ ድሩን እየጋጠ ጎድጓዳ ሠርቶበታል። ግን አልተበጠሰም። ስላልተበጠሰ ማንም ሊቀይረው አላሰበም። የፖሊስተር ጣጣው ይኼ ነው። ውጥረቱን ቶሎ ይጥላል፣ ጠንካራነቱ ግን አብሮት አይሄድም። ኳሱ ሲያርፍበት የመለጠጥ ነገር የለውም፤ ንዝረቱን ሁሉ ለክንድ ይልከዋል።

ልጆቹ ግን ፖሊስተር ይወዳሉ። ትልልቆቹ የሚጠቀሙበት ነው ይላሉ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ1997 ጉስታቮ ኩዌርተን ሮላን ጋሮስን ሲያሸንፍ ፖሊስተር ነበር የወጠረው፤ ከዚያ በኋላ ዓለም ተከተለው። ትልልቆቹ ግን ለእያንዳንዱ ግጥሚያ አዲስ የተወጠረ ራኬት ይዘው ነው የሚገቡት። እኛ አንዱን ገመድ እስኪበጠስ እንቀጠቅጠዋለን።

በዚህ ላይ የከተማችን አቀማመጥ አለ። ጅማ ከባሕር ጠለል በላይ ከ1,700 ሜትር በላይ ላይ ናት። አየሩ ስስ ስለሆነ ኳሷን ብዙ አይዛትም፤ ትበራለች። ዓለም አቀፉ የቴኒስ ፌዴሬሽን ከ1,219 ሜትር በላይ ላሉ ቦታዎች ለብቻው ኳስ የፈቀደው ያለ ምክንያት አይደለም። እኛ ጋ ያ ኳስ አይገኝም፤ የተገኘውን እንመታለን። ስለዚህ ኳሷ ስትበር ሁሉም ሰው አንድ መድኃኒት ነው የሚያውቀው፦ ጠበቅ ማድረግ። ገመድ ሲጠብቅ ኳሷን የመወርወር ኃይሉ ይቀንሳል፤ እስከዚህ ልክ ናቸው። ጠንካራ ፍሬም ላይ ጠንካራ ገመድ ሲጠብቅ ደግሞ ክርን ይከፍላል።

የመጀመሪያው ሙከራ

እዚህ ላይ ነው ያበላሸሁት።

ጥቁሩን ገመድ ቆርጬ ጣልኩ። ተራ ናይለን በ22 ኪሎ፣ ማለትም በ48 ፓውንድ ገደማ፣ ወጠርኩ። እግረ መንገዴን የአናቱን እርሳስ ላጥኩት። «ይኼ ነው እጅህን የሚጎትተው» ብዬ። እጀታው ላይ የነበረውን በላብና በኮላ የጠቆረ ጨርቅ ፈትቼ አዲስ ጠመጠምኩ። በአንድ ማታ ሦስት ነገር ቀየርኩ። በራሴ ኮርቼ ተኛሁ።

በሁለተኛው ቀን ደወለልኝ። «ጋሼ፣ እጄ ቅቤ ሆነ!» አለ። በአራተኛው ቀን ደግሞ መጣ። ኳሷ የኋላውን መስመር አልፋ ሽቦ አጥሩ ላይ ነው የምታርፈው። ራኬቱ ስለቀለለ እጁ ከኳሷ ቀድሞ ይደርሳል። ኳሷን ለማስገባት ሲል አመታቱን አሳጠረ፣ እጀታውን አጥብቆ ጨበጠ። በሁለተኛው ሳምንት ሕመሙ ተመለሰ።

ታዲያ የቱ ነው ያሻለው? የቱ ነው ያበላሸው? ገመዱ ላልቶ ነው? እርሳሱ ተነስቶ ነው? እጀታው ቀጥኖ ነው? አላውቅም። ቴሌቪዥን ስጠግን ሦስት ዕቃ በአንዴ አልቀይርም፤ ልጅ ሆኜ ያስተማሩኝ መጀመሪያ ነገር ነው። ራኬት ላይ ስደርስ ረሳሁት።

ሁለተኛው ዙር

ታኅሣሥ ላይ ሀ ብዬ ጀመርኩ። የሃምሳ ሉክ ደብተር ገዛሁ። ውሳኔዬ፣ እርሳሱን ወደ አናቱ መልሼ፣ እጀታውን በድሮው ውፍረት ጠቅልዬ፣ ገመዱን ብቻ መቀየር ነበር። ከዚያ ሁለት ሳምንት መጠበቅ።

ለገመድ ብዙ ቀጫጭን ክር አንድ ላይ የተገመደበትን ለስላሳ ናይለን መረጥኩ። በ24 ኪሎ፣ በ53 ፓውንድ። ሰውየው ኳስ የሚያሽከረክር ቢሆን ኖሮ ፖሊስተር ትቼ ለመሄድ አመነታ ነበር፤ የፖሊስተር ዋና ጥቅሙ እዚያ ላይ ነው። ዝርግ ለሚመታ ሰው ግን የሚያጣው ጥቂት ነው። ይህ ናይለን በ24 ኪሎ ተወጥሮም ቢሆን፣ ፖሊስተር በላላ ውጥረት ከሚሰጠው ይልቅ ይለሰልሳል። «ጠበቅ ያድርጉልኝ» ያለውንም በመጠኑ አከበርኩለት።

ፍሬሙ ዳር ካሉት ቀዳዳዎች በአንዱ ውስጥ ያለችው የፕላስቲክ ሽፋን ተሰንጥቃ አገኘኋት። እንዲሁ ብተዋት ካርቦኑ ገመዱን ይቆርጠዋል። ከወፍራም የኤሌክትሪክ ሽቦ ላይ ሽፋኑን ገፍፌ፣ ቆርጬ ሰካሁበት። እስከ ዛሬ ይዟል።

ድሩ ያለ ችግር አለቀ። ማጉን ከአናት ጀምሬ ወደ ጉሮሮው፣ ማለትም ወደ እጀታው በኩል፣ ወረድኩ፤ ለፍሬሙ የሚበጀው አቅጣጫ ይህ ነው። ማግ ሲገባ ቀጥ አድርጎ መጎተት አያስፈልግም። ገመዱን ቀስት አስመስሎ እያንሸራተቱ፣ ቀስ እያሉ ነው። ፈጥኖ የተጎተተ ማግ ድሩን በፍትጊያ ያቃጥለዋል፤ ናይለን ላይ ነጭ ጭረት ሆኖ ይታያል። 14ኛው ማግ ላይ ስደርስ ቀና ብዬ በብርሃን አየሁት። 11ኛው ሁለት ድር በአንዴ ዘሏል። አራት መስመር ፈታሁ። ሌሊቱ ስድስት ሰዓት ሆኗል፤ ባለቤቴ «ሸማኔው፣ አትተኛም?» ትለኛለች።

አንድ የማሽን ነገር ልጨምር። ብዙ ጊዜ ክንዱ ፍጹም አግድም ካልሆነ ብዬ እጨነቅ ነበር። በኋላ አስልቼ ሳየው ክንዱ 10 ዲግሪ ቢያዘነብል ስሕተቱ 2 በመቶ እንኳን አይሞላም። ውጥረት የሚበላው ሌላ ቦታ ነው። ገመዱን የሚይዙት መቆንጠጫዎች ጥርሳቸው ላይ የገመድ ሰም ይጋገርና ያሾልካሉ። በአልኮልና በጥርስ ብሩሽ ካጸዳኋቸው ወዲህ ያ ሁሉ ቀረ።

ሲያልቅ ገመዱን በመጻፊያ እርሳስ ጫፍ እየመታሁ ድምፁን ክራር በሚቃኝ የስልክ መተግበሪያ ለካሁት። 565 ሄርዝ። በማግስቱ ጠዋት 545። ውጥረት ከድምፁ ካሬ ጋር ስለሚሄድ፣ በአንድ ሌሊት ብቻ 7 በመቶ ወርዷል ማለት ነው። አዲስ ናይለን እንደዚህ ነው፤ አያስደነግጥም። ይህ ልኬት የሚሠራው ያንኑ ራኬት ከዚያው ገመድ ጋር በጊዜ ሂደት ለማወዳደር ብቻ ነው። የጓደኛዎን ራኬት ቁጥር ከራስዎ ጋር አያስተያዩት።

ከሁለት ሳምንት በኋላ፦ ኳሷ ሜዳ ውስጥ ትቀራለች። እጁ ቀሎታል፣ ግን ሰርቭ ሲበዛ አሁንም ይደክማል። ጥሩ። አሁን ገመዱ ምን እንደሠራ አውቃለሁ።

ክብደቱን ማንቀሳቀስ

ጥር ላይ ወደ እርሳሱ ዞርን። ራኬቱ ሲወዛወዝ የሚሰማው ክብደት ሚዛን ላይ ከሚታየው ይለያል። ርቀት ካሬ ሆኖ ነው የሚገባው። ከእጀታው ጫፍ 10 ሴንቲ ሜትር ላይ ያለውን ነጥብ መዞሪያ አድርገን ብንቆጥር፣ አናቱ ከዚያ 58 ሴንቲ ሜትር ይርቃል። እዚያ ያለች 6 ግራም የመወዛወዝ ክብደቱን በ20 ገደማ ከፍ ታደርገዋለች፤ መለኪያው ኪሎ ግራም በሴንቲ ሜትር ካሬ ነው። የፊቱ ግራና ቀኝ ጎን ላይ ቢለጠፍ ግን ርቀቱ 42 ሴንቲ ሜትር ነው። እዚያ 4 ግራም የምትጨምረው 7 ብቻ ነው። በምትኩ ኳስ ከመሃል ወጣ ብላ ስትመታ ራኬቱ እጅ ውስጥ እንዳይዞር ትይዘዋለች። ክርንን የሚበላው አንዱ ያ ጥምዘዛ ነው።

ስለዚህ የአናቱን 6 ግራም አንስተን፣ በግራና በቀኝ ሁለት ሁለት ግራም ለመለጠፍ ተስማማን። የድሮው ጥብጣብ ሲላጥ ተበጣጠሰ። አዲስ ደግሞ ጅማ ላይ የት ይገኛል? ሱቅ የሚረዳኝን ልጅ «ጎሚስታ ሂድና እርሳስ አምጣ» ብዬ ላክሁት። የሚጻፍበትን ከስቴሽነሪ ገዝቶ መጣ። ጥፋቱ የቋንቋችን ነው። ሁለተኛ ልኬው የመኪና ጎማ ባላንስ የሚደረግበትን አመጣ። አናጺያችን በመዶሻ ቀጥቅጦ እንደ ወረቀት አሳሳው። እርሳስ መርዝ ነው፤ አላቀለጥነውም፣ በቴፕ ሸፈንነው፣ እጃችንንም በሳሙና ታጠብን። ለመመዘን እዚሁ ጅማ፣ መርካቶ አካባቢ አንድ ወርቅ ሠሪ ጋ ሄድን። ሰውየው ራኬት የተሸከመ ሰው እርሳስ ሊያስመዝን ሲገባ ያየው ገና ያኔ ነው፤ ሳቁ አላቆም አለው።

ሚዛኑን ለማየት አናጺው ባለ ሦስት ማዕዘን እንጨት ሠራልኝ። ራኬቱ ስለቱ ላይ ይጋደምና ሳይወድቅ የሚቆምበት ነጥብ ከእጀታው ጫፍ በሜትር ይለካል። መጀመሪያ 324 ግራምና 33.6 ሴንቲ ሜትር ነበር። የጎኑን እርሳስ ስንለጥፍ 322 ግራምና 33.2 ሆነ። ከሁለት ሳምንት በኋላ እጀታው ውስጥ 8 ግራም ጨመርን፤ ሚዛኑ ወደ 32.6 ወረደ። እጀታ ላይ የሚጨመር ክብደት ከመዞሪያው አጠገብ ስለሆነ ውዝዋዜውን አይከብደውም። «ከበደ አሉኝ፣ ለኔ ቀለለኝ» አለ። ልክ ነው።

መጨረሻ የመጣው እጀታው ነበር። ለእጁ ቀጭን ነው። ሲጨብጠው የቀለበት ጣቱ መዳፉን ይነካል፤ የሌላው እጅ ሌባ ጣት በመሃል መግባት ነበረበት። አንድ ስስ መጠቅለያ ጨመርን። ዙሪያው 1.6 ሚሊ ሜትር ገደማ ወፈረ። ጭብጡ ያን ጊዜ ላላ።

ያልሠራው

ውዝዋዜውን በራሴ ለመለካት ራኬቱን ሚስማር ላይ ሰቅዬ 20 ጊዜ ሲወዛወዝ በስልክ ሰዓት ቆጠርኩ። ሐሳቡ ትክክል ነው፤ ቀመሩም አለ። ግን አናቱ ላይ 6 ግራም መጨመሩ በ20 ውዝዋዜ ላይ ያመጣው ለውጥ ሩብ ሰከንድ ገደማ ነው። የኔ ጣት ስሕተት ራሱ ከዚያ አያንስም። አንድ ምሽት አቃጠልኩበትና ተውኩት። በሜትርና በወርቅ ሚዛን ማስላቱ ይሻላል።

ገመዱ መሃል የምትሰካው ጎማም አልጠቀመችም። ድምፁን ታለዝበዋለች፤ ለጆሮ ደስ ይላል። ክርኑ ግን ልዩነት አላየም።

ትልቁ ያልሠራው ግን ሁሉንም ነገር ከራኬቱ መጠበቄ ነበር። የካቲት ላይ አንድ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ጋ ሄደ። ባለሙያዋ ስለ ራኬቱ ከመጠየቋ በፊት «ቀኑን ሙሉ በእጅህ ምን ትሠራለህ?» አለችው። እኔ ሦስት ወር ሙሉ ያልጠየቅሁት ጥያቄ ነው። በርጩማ እንደሚሠራ አውቃለሁ እኮ! ሱቄ ውስጥ የምቀመጥበት የሱ ሥራ ነው። በዚህ ሕመም ከሚሠቃዩት አብዛኞቹ ቴኒስ ነክተው አያውቁም፤ እየጨበጡ፣ እየመቱ፣ እያዞሩ የሚውሉ ሰዎች ናቸው። እሱ በቀን ስምንት ሰዓት መሮ ጨብጦ ይመታል፣ ቴኒስ ግን በሳምንት ስድስት ሰዓት ቢሆን ነው። በእጅ የያዙትን ክብደት ቀስ ብሎ ወደ ታች የማውረድ ልምምድ ሰጠችው፣ መሮውን አጥብቆ እንዳይጨብጥም ነገረችው። ከራኬቱ እጀታ የተማረውን ወስዶ የመሮውን እጀታ በብስክሌት የውስጥ ጎማ አወፈረው።

ሚያዝያ ላይ ሕመሙን ከ10 ስንት ትሰጠዋለህ አልኩት። ኅዳር ላይ 7 ብሎ ነበር፤ አሁን 3 አለ። ስንቱ ከራኬቱ፣ ስንቱ ከመሮው እንደመጣ መለየት አይቻልም። የካቲት ላይ ሁለቱ ተደራርበው ስለመጡ።

ሌላ ወጣሪ የሚወስደው

ራኬት ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙውን ጊዜ መፍትሔውን ይዞ ነው የሚመጣው፤ «ጠበቅ አድርግ»፣ «ላላ አድርግ»። ትእዛዙን ከመቀበል በፊት ኳሷ የት እያረፈች እንደሆነና የት እንደሚያመው መጠየቅ ይቀድማል። ሙያውንም ጠይቁ፤ እኔ በኋላ ነው የነቃሁት።

ያልተበጠሰ ገመድ ደህና ገመድ ማለት አይደለም። የቆየ ልማድ አለ፤ በሳምንት የሚጫወቱትን ያህል ጊዜ በዓመት ይወጠር ይባላል። በሳምንት አራት ቀን ለሚጫወት ሰው በዓመት አራት ጊዜ ማለት ነው። እኛ ጋ ገመድ እንደልብ አይገኝም። እኔ ግን 200 ሜትር ጥቅል በሰው እያስመጣሁ ለአንድ ራኬት 12 ሜትር እቆርጣለሁ፤ 16 ራኬት ይወጣዋል። በነጠላ ከመግዛት ብዙ ይረክሳል። ጓደኛሞች ተዋጥተው ቢያስመጡ ያዋጣል።

እንደኛ ከፍ ያለ ቦታ ላይ ለሚወጥር፣ ኳስ በረረ ብሎ ፖሊስተር ላይ ኪሎ ከመከመር በፊት ለስላሳ ገመድ በመጠነኛ ጥብቀት ይሞክር። እሱ ካልበቃ ጎኑ ላይ ጥቂት ግራም። ሁለቱን በአንድ ማታ አይሁን እንጂ።

ደብተሩን በተመለከተ፣ ቀን፣ የገመድ ዓይነት፣ ኪሎ፣ ሄርዝ፣ ግራም፣ ሚዛን፣ እና ተጫዋቹ የተናገረውን በራሱ አፍ። የመጨረሻዋ ዓምድ ብዙ ጊዜ ከቁጥሮቹ በላይ ጠቅማኛለች። የሱ ገጽ ላይ «እጄ ቅቤ ሆነ» የሚል አለ፤ ሦስት መስመር ዝቅ ብሎ «ጋሼ ምን አደረጉብኝ?» ይላል።

ባለፈው ሳምንት ራኬቱን ይዞ በሱቁ በር አለፈ። ጠርቼ ገመዱን መታሁት። 508 ሄርዝ። ከተወጠረበት ማታ 19 በመቶ ወርዷል። «ቅዳሜ አምጣው» አልኩት።

«ያው በ24?»

«ያው በ24።»

«ትንሽ ጠበቅ ቢያደርጉትስ?»